የዲሹ ፊት ወዴት ይዙር?

ክፍለ ከተማችን "ንፋስ ስልክ" የሚለውን ስም የያዘው እንዲያው በከንቱ አይደለም። የቀድሞ ሰዎች ሽቦ ሳይዘረጋለት፣ ምሰሶ ሳይተከልለት ወሬ የሚያደርሰውን ገመድ አልባ ስልክ አይተው "የነፋስ ስልክ" ብለው ጠሩት። ዛሬ በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ፣ ቀና ብሎ ጣራ ጣራውን ለተመለከተ ሰው ነፋሱ ሥራ እንደበዛበት ግልጽ ነው። በየቆርቆሮው ላይ የተተከሉት ሳህኖች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ አንጋጠው፣ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል።

ለመሆኑ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል? አንድ ጊዜ ተገዝቶ በነፃ የሚታየው ዲሽ ነው? በየወሩ የሚከፈልበት ነው? ወይስ በሌላው ዓለም እንደሚደረገው በገመድ ቤት ድረስ የሚመጣው? ጥያቄው የተነሣው ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለክርክር ጥሩ ርዕስ ይሆን ነበር። ለእኔ የቀረበልኝ ግን በጋራ መኖሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀሞ በምኖርበት ብሎክ ባለፈው ክረምት ጣራው ማፍሰስ ጀመረና ነዋሪው ኮሙናል ውስጥ ተሰበሰበ። ኮሚቴው ሰው አውጥቶ ቢያስቆጥር ጣራው ላይ 17 ዲሽ ተገኘ። ከ17ቱ 6ቱ ባለቤታቸው ቤቱን ከለቀቀ የቆየ፣ ገመዳቸው የተበጠሰ፣ ዝገት የበላቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሲተከል ቆርቆሮው በቡሎን ተበስቷል፤ ሲነቀልም ቀዳዳውን የሚደፍነው የለም። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ተነሥተው፣ "ልጆቼ፣ እናንተ ከሰማይ ሥዕል ታወርዳላችሁ፤ እኔ አልጋ ላይ የሚወርደው ግን ዝናቡ ነው" ቢሉ ሳቁም ኀዘኑም አንድ ላይ ሆነ።

ሊቀ መንበሩ "እንግዲህ አንድ የጋራ ዲሽ ይተከልና ሌላው ይነቀል" አሉ። ወዲያው አንድ ወጣት "ጋሼ፣ ኳስስ? የጋራው ዲሽ ኳስ ያመጣል እንዴ?" አላቸው። አንዲት እናት ደግሞ "እኔ ለልጆቼ ካርቱን ብዬ በየወሩ እከፍላለሁ፤ ማን ነው የሚያስነቅለኝ?" አለች። ሌላው "ጣራው የጋራ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን የግሌ ነው" አለ። ሰዓቱ ሲገፋ ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረው፣ "መምህር፣ እስቲ እርስዎ አጥንተው ያምጡልን፤ የትኛው ያዋጣል?" አሉኝ። መምህርነት መቼም ዕዳ አለበት፤ ሰው የማያውቀውን ሁሉ መምህር ያውቀዋል ብሎ ያምናል። እናንተም ነገ ስትመረቁ ይደርሳችኋል። ያንኑ ጥናቴን ነው እዚህ ላይ በአጭሩ የማቀርበው።

አስቀድሞ ከየት እንደተነሣን ማስታወስ ይበጃል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ባለ ቀለሙ ሥርጭት የመጣው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ጣቢያው አንድ ስለነበረ "የቱን ልምረጥ" የሚል ችግር አልነበረም። ችግሩ አንቴናው ነበር። አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ "መጣ?" ይላል፤ ቤት ውስጥ ያለው "ኧረ ጠፋ! ትንሽ መልሰው!" ይላል። ምስሉ አንዴ ከመጣ በኋላ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ አባባ ተስፋዬን ያይ ነበር። ተስፋዬ ሳህሉ ከጣቢያው ጅማሬ አንሥተው ለ42 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል። ተረቱ ሲያልቅ ምንጣፉ ላይ ክርክሩ ይቀጥላል፤ የቤቱ እናትም "ጦጣዋ ለምን እንዲህ አደረገች?" ብላ ትጠይቃለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ዲሹ እንምጣ። ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ የሚመጣው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትዞር ሳተላይት ነው። በዚያ ርቀት ላይ ያለች ሳተላይት ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብራ ስለምትዞር፣ እኛ ከታች ሆነን ስናያት አንድ ቦታ የቆመች ያህል ናት። ዲሻችን አንዴ ከተስተካከለ ሳይነቃነቅ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሳህኑ የሚያደርገው ሞገዱን ሰብስቦ ፊቱ ላይ ወደተሰቀለችው ኤል.ኤን.ቢ. መመለስ ብቻ ነው። ከዚያ በገመድ ወደ ሪሲቨር ይወርዳል፤ ሪሲቨሩም ወደ ምስልና ድምፅ ይለውጠዋል።

ታዲያ ሳህኖቹ ለምን ተኳረፉ? ምክንያቱ ሳተላይቶቹ የተለያየ ቦታ ስለቆሙ ነው። ናይልሳት የተባለው የግብፅ ኩባንያ ሳተላይት የሚገኘው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ለብዙ ዓመታት የከተማችን ዲሽ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከሚባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት ሲጀመር፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደቆመችው ኤን.ኤስ.ኤስ.-12 ወደተባለች ሳተላይት ተሰበሰቡ። ይህችኛዋ ከእኛ ዘንድ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። የዚያን ጊዜ ነው ዲሽ ሠሪ ልጆች ከጣራ ጣራ ሲዘሉ የከረሙት።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ኢትዮሳት ማለት የኢትዮጵያ ሳተላይት ይመስለዋል። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀችው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 መሬትን ከላይ ሆኖ ለመቃኘት የተሠራ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ጋር ግንኙነት የለውም። ኢትዮሳት ደግሞ በተከራየነው ቤት በር ላይ የተጻፈ የራሳችን ስም ነው። ስሙ የእኛ፣ ቤቱ የአከራዩ።

ለሳይንስ መምህራን አንዲት የክፍል ሥራ ልጠቁም። በመስቀል ሰሞን ፀሐይ ከእኛ ሲታይ ልክ በሳተላይቶቹ ጀርባ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ የቆመችበት ቦታ የኢትዮሳት አቅጣጫ ነው፤ 10 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል የምትደርስበት ደግሞ የናይልሳት። የፀሐይዋ ጉልበት የሳተላይቷን ደካማ ሞገድ ስለሚውጠው ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ሊጠፋ ይችላል። በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢም እንዲሁ ይሆናል። "ዲሹ ተበላሸ" ብሎ ሠሪ ከመጥራት በፊት የቀን መቁጠሪያ ማየት ገንዘብ ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር።

አንደኛው መንገድ ነፃው ዲሽ ነው። ሳህኑን፣ ኤል.ኤን.ቢ.ውን፣ ገመዱንና ሪሲቨሩን አንዴ ገዝቶ ያስተከለ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው የለም። ወር ቢገባ ወር ቢወጣ ሥዕሉ ይመጣል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይገኙበታል። ጉድለቱስ? ትልልቅ የውጭ ኳሶች ከነፃው ሰማይ እንደልብ አይገኙም። ከዚህም ሌላ ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ በቀየሩ ቁጥር እንደገና ሰርች ማድረግ የማይችል ቤተሰብ ለዲሽ ሠሪ መክፈሉ አይቀርም።

ሁለተኛው የክፍያው ነው። የደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ ዲኤስቲቪን የጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሰፈር ስሙ የሚታወቀው በኳስ ነው፤ ቤቱ የሌለው ወጣት እንኳ "ዲኤስቲቪ ቤት" ገብቶ በጥቂት ብር የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ያያል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችንንም ፕሪሚየር ሊግ በአማርኛ ዘገባ ማስተላለፍ ያዘ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቦል የተባለ የአማርኛ ጣቢያ ከፈተ። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ለኢትዮጵያ ያዘጋጀውን የአማርኛ ጥቅል ይዞ ገበያ ገባ። ቀጥሎም በ2025 እ.ኤ.አ. ካናል ፕላስ ራሱ መልቲቾይስን ጠቅልሎ ገዛው። ከዚህ ሁሉ የምንማረው ነገር አለ። የክፍያ ቴሌቪዥን የውጭ ገበያ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሊለወጥ፣ ጥቅሉ ሊከፋፈል፣ ዋጋው ሊወጣ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከውጭ ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ምን እንደሚሆን የመምህር ኪስ ያውቀዋል። ሆኖም የከፈለ ሰው ያገኘውን መካድ አይገባም፤ ምስሉ ጥራት አለው፣ ስፖርቱ ሙሉ ነው፣ የተፈጥሮና የሳይንስ ዘጋቢ ፊልሞቹም ለተማሪ ይጠቅማሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የኳስ ወዳዱ ወጣት እንግሊዝኛ የማዳመጥ ችሎታው ከክፍል ይልቅ በኳስ ተንታኞች የዳበረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙዎች የክፍያው ዲሽ በዝናብ ጊዜ አይቋረጥም ብለው ያምናሉ። ዝናብ ግን ደረሰኝ አይጠይቅም። ኃይለኛ ዶፍ ሲወርድ ሞገዱ በውሃው ይዳከማል፤ ነፃውም የተከፈለበትም ምስሉ ይቆራረጣል። ልዩነት የሚያመጣው የሳህኑ ስፋትና በትክክል መስተካከሉ ነው። መብራት ሲጠፋማ ሁላችንም እኩል ነን።

ሦስተኛው የገመዱ፣ ማለትም የኬብል ቴሌቪዥን ነው። ይኸኛው በአገራችን ሥር አልሰደደም። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም፤ ኬብል የሚሸጥ ኩባንያ በመጀመሪያ መንገዱን ቆፍሮ፣ ገመዱን ቀብሮ ወይም ሰቅሎ ቤት ለቤት መድረስ አለበት። እኛ አገር ቴሌቪዥን በብዛት ቤት በገባበት ጊዜ ዲሽ ቀድሞ ገበያ ላይ ነበር። ያለ ቁፋሮ በአንድ ከሰዓት የሚተከል ነገር እያለ ማን ገመድ ይጠብቃል? ዛሬ ዛሬ ገመድ ወደ ቤታችን ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ኢንተርኔት ይዞ ነው፤ ቴሌቪዥኑም በዚያው ላይ ተጭኖ ይመጣል።

የኬብል ታሪክ ግን ለብሎካችን ትልቅ ትምህርት ይዞ አገኘሁት። ኬብል በአሜሪካ የተጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተራራ በተከበቡ ትንንሽ ከተሞች ነው። ተራራው ሞገዱን ስለሚከልለው የከተማው ሰው ኮረብታው አናት ላይ አንድ ረጅም አንቴና አቁሞ ከዚያ በገመድ ወደየቤቱ አወረደው። የመጀመሪያ ስሙም የማኅበረሰብ አንቴና ነበር። እንግዲህ ሊቀ መንበራችን "አንድ የጋራ ዲሽ" ሲሉ የተናገሩት፣ ሳያውቁት፣ የኬብል ቴሌቪዥንን መነሻ ሐሳብ ነው።

ሆኖም አንድ ዲሽ ለብዙ ቤት ሲባል በዘዴ ነው። ዝም ብሎ ገመዱን በጥሶ ለጎረቤት ማካፈል አይሠራም። ሪሲቨር የሚፈልገውን ሞገድ ለኤል.ኤን.ቢ.ው የሚነግረው በኤሌክትሪክ ነው፤ ለአንዱ ዓይነት ሞገድ 13 ቮልት፣ ለሌላው 18 ቮልት ይልካል። ሁለት ቤቶች ባንድ ገመድ ላይ የተለያየ ትእዛዝ ሲልኩ ታችኛው ቤት ዜና ሲከፍት የላይኛው ቤት ድራማ ይጠፋል። ከዚያ ጠብ ይነሣል። ስለዚህ ባለ ብዙ መውጫ ኤል.ኤን.ቢ. ወይም መልቲስዊች የሚባለው ማከፋፈያ ያስፈልጋል። ዋጋው ለአንድ ቤት ከባድ ነው፤ ለአንድ ደረጃ ነዋሪ ሲከፋፈል ግን አንድ ሰው ለብቻው ዲሽ ከሚያስተክልበት ያንሳል።

እስከዚህ ድረስ ያቀረብኩት የገንዘብና የመሣሪያ ሒሳብ ነው። ይህንኑ ብቻ አቅርቤ ብቀመጥ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ይሁን እንጂ እኛ መምህራን ነን፤ ከመሣሪያው በፊት ዓላማውን መጠየቅ ሙያችን ነው። የትምህርት ዕቅድ ስናወጣ መጀመሪያ የምንጽፈው ተማሪው ምን እንዲያውቅ እንደምንፈልግ ነው፤ መርጃ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ ረገድ አገራችን ትልቅ ልምድ አላት። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ስክሪን መሰጠት ጀመረ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30ው ያህል የፕላዝማው ነበር፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መደምደሚያው ነው። ጥቅም አልነበረውም አይባልም። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ት/ቤት ተማሪ ሙከራውን በዓይኑ አይቷል፤ ጎንደር ያለውና ጂንካ ያለው እኩል ትምህርት አግኝቷል። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይሄድ ነበር፤ "አልገባኝም" ብሎ እጁን ላወጣ ልጅ ስክሪኑ አይቆምለትም። በዚያ ዘመን ተማሪ የነበራችሁ መምህራን ታስታውሱታላችሁ፤ ፕላዝማው "አሁን መልሱን ጻፉ" ብሎ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቅና፣ ማንም ሳይጽፍ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። ያ ሳቅ ያመጣል፤ ቁም ነገሩ ግን ከባድ ነው። ሳተላይት ይናገራል እንጂ አይሰማም። የሚሰማ ሰው አጠገቡ ከሌለ ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቤትም እንደዚያው ነው። ኤምቢሲ 3 የሚባለው የዓረብ የልጆች ጣቢያ በዲሽ ሲመጣ የከተማችን ልጆች በዓረብኛ ካርቱን አደጉ። ብዙዎቹ ዘፈኑን በቃላቸው ይወጡታል፤ ትርጉሙን ግን እነሱም እናቶቻቸውም አያውቁም። ቤቱ ውስጥ "ምን አለ?" ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል ሰው አልነበረም። የሰው ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙ ያልገባ ቋንቋ ለልጁ እንደ ሙዚቃ ያልፋል። ኋላ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ሲመጣ ሰዉ የተንጋጋው ለምን ነበር? ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም አያትና የልጅ ልጅ ባንድነት ሊከራከሩበት ስለቻሉ ነው። ባህል ይበርዛል፣ አይበርዝም የሚለው ሙግት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ቅድም ለካርቱን በየወሩ እከፍላለሁ ያለችው እናት ጎረቤቴ ናት። የስድስት ዓመት ልጇ ቀኑን የሚውለው ከገጠር ከመጡት አያቱ ጋር ነው። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ በእንግሊዝኛ ካርቱን ያያል፤ አያቱ ጥግ ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ። አንድ ቀን ለስብሰባው ጥናት ብዬ ቤታቸው ገብቼ "እማማ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ?" ብላቸው፣ "እኔ ምኑን አያለሁ ልጄ፤ እሱ ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ" አሉኝ። ይህ መልስ ከሒሳቡ ሁሉ በላይ አሳሰበኝ። ሁለት ሰው ባንድ ክፍል ውሎ አንድ ቃል አልተለዋወጠም።

እናትየዋን "እስቲ ለአንድ ሳምንት ወደ ነፃው ዲሽ መልሺውና የአማርኛ የልጆች ጣቢያ ክፈችላቸው" አልኳት። "ይሰለቸዋል ጋሼ፤ ግን እሺ" አለች። ለሁለት ቀን ልጁ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን አንድ የእንስሳት ተረት ሲቀርብ አያቱ እንዝርቱን አቁመው፣ "ውሸት! ጅቡ እንዲህ አላለም፤ እኛ አገር ጅቡ ያለው ሌላ ነው" ብለው ጣልቃ ገቡ። ልጁም ከቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ አያቱ አዞረ። "ታዲያ ምን አለ?" አላቸው። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እርግጥ ልጁ ካርቱኑን አልተወም፤ ቅዳሜና እሑድ ያያል። ተረቱ ግን በየማታው አለ።

መምህራን ይህን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚችሉ ማስረጃው ከእኛው ሙያ የወጣ ነው። "ጸሐይ መማር ትወዳለች" የተባለውን የልጆች ዝግጅት ከባለቤቷ ጋር የፈጠረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ትልቅ ስቱዲዮ አልነበራቸውም፤ ጸሐይ የተባለችው ቀጭኔ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ናት። ዝግጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን አገኘ፤ ከእነዚህም አንዱ የጃፓን ሽልማት ነው። መምህርቷ ልጆች በሚያውቁት ቋንቋ፣ ልጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዛ ነው የተነሣችው።

እንግዲህ ለስብሰባው ያቀረብኩት ውሳኔ ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር። በመጀመሪያ የእማማ ጣራ ይደፈን፤ የዲሹ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታይ። ሁለተኛ፣ ባንድ የብረት ማቆሚያ ላይ ሁለት ሳህን ይተከል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ለኢትዮሳት፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ለናይልሳት፤ በማከፋፈያም በደረጃው በኩል ወደየቤቱ ይውረድ። ሦስተኛ፣ የክፍያውን የሚፈልግ በዚያው ማቆሚያ ላይ ያስተክል፤ አዲስ ቀዳዳ ግን አይበሳ። አራተኛ፣ እማማ ከመዋጮው ነፃ ይሁኑ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናቡን በአልጋቸው ተቀብለው የእኛን ድርሻ ከፍለዋልና።

አራተኛው ሐሳብ በጭብጨባ አለፈ። በሁለተኛው ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ኳስ ወዳዱ ወጣት ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ የክፍያውን ዲሽ አንድ ቤት ለማስገባትና እዚያ ተሰብስቦ ለማየት ተስማማ። "ጣራው የጋራ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን የግሌ ነው" ያለው ሰውዬ እስከ መጨረሻው አልተስማማም፤ ዲሹን ከጣራ አውርዶ በረንዳው ላይ ሰቀለ። መብቱ ነው። የበረንዳው ፊት ወደ ምዕራብ ስለሆነ የአገሩን ጣቢያ በምሥራቅ ሲፈልግ እንዴት እንደሚያደርግ ግን እንጃ። ዛሬ ጣራችን ላይ ከ17 ሳህን የቀሩት 4 ናቸው፤ በዘንድሮው ዝናብም የእማማ አልጋ ደርቆ ከርሟል።

ውድ እጩ መምህራን፤ ነገ በየወረዳው ስትመደቡ፣ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ቴሌቪዥን ሲገዛ "መምህር፣ የትኛውን እናስገባ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። የጣቢያ ቁጥር ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቤቱ ውስጥ በቀን ማን ከማን ጋር ይውላል? ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የቱ ነው? በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ከምን ላይ ነው የሚነሣው፤ ከትርፍ ነው ወይስ ከልጁ ደብተርና ከወተቱ? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ የዲሹ አቅጣጫ በራሱ ይታወቃል። በበኩሌ የደረስኩበት ድምዳሜ፣ ለአንድ ቤት የሚሻለው ቴሌቪዥን ልጁና አሳዳጊው ጎን ለጎን ተቀምጠው "ለምን?" ሊባባሉበት የሚችሉት ነው የሚል ነው። ይህ በነፃ ከተገኘ እሰየው፤ ተከፍሎበት ከተገኘም የተከፈለው ገንዘብ አልባከነም።

የቋንቋ ክፍል ባልደረቦቼ "እንግሊዝኛ በጆሮ ካልገባ በምን ይገባል?" ብለው እንደሚሞግቱኝ አውቃለሁ፤ ሙግቱም ተገቢ ነው። መልሳችሁን ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው የአስተያየት ሣጥን ብትጨምሩ በሚቀጥለው ዕትም ጎን ለጎን እንለጥፈዋለን።